በአሮጌ ልስን ላይ አልይዝ ስላለን የማዕድ ቤት መደርደሪያ ምክር እንፈልጋለን

እኔና ባለቤቴ ለቤታችን የሚያስፈልገውን አዲስ ከመግዛት ይልቅ በእጃችን ካለው መሥራት ስለምንመርጥ፣ ከአሮጌ አልጋ በተረፈ ጣውላ የማዕድ ቤት መደርደሪያ ሠርተናል። ጣውላው ተልጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎና ቫርኒሽ ተቀብቶ እጅግ አምሮብናል፤ ችግሩ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ልስኑ ከማርጀቱ የተነሣ ድሪል ገና ሲነካው አሸዋ ሆኖ ይረግፋል፤ ለ8 ሚሊ ሜትር ፊሸር (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ ለሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) የተበሳው ቀዳዳ እየሰፋ ሄዶ አሁን የትንሿን ጣት ጫፍ ያስገባል፣ ብሎኑን ባጠበቅነው ቁጥርም ፊሸሩ አብሮ ይዞራል። መደርደሪያው ከባድ ድስቶችንና የእህል ዕቃዎችን የሚሸከም በመሆኑ፣ በዚህ ሁኔታ ልንተማመንበት አልቻልንም።

ባለቤቴ ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ ሞልተን በደንብ ከደረቀ በኋላ እንደገና እንብሳ ትላለች። እኔ ደግሞ ክብደቱን የሚይዘው ጡቡ እንጂ ልስኑ ስላልሆነ፣ ልስኑን አልፎ ጡቡ ውስጥ የሚገባ ረዘም ያለ ብሎንና ፊሸር ይሻላል ባይ ነኝ። ግድግዳውን የበለጠ ሳንጎዳ የልስኑን ውፍረት እንዴት መለካት እንደምንችል፣ ቀዳዳዎቹንም እዚያው ማደስ ወይስ ወደ ጎን ማራቅ እንደሚበጅ የምታውቁ፣ በተለይም እንዲህ ባለ አሮጌ ግድግዳ ላይ የሠራችሁ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ምከሩን።