ቲሲስ ሲባል ብቻ እጄ ይታሰራል፣ ስንፍና ነው ፍርሀት?

ጣና_ዳር፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ባህር ዳር ነኝ፣ የማስተርስ ኮርስ ጨርሼ ቲሲስ ላይ ነኝ፣ ርእሴ እምቦጭ (ጣናን የወረረው አረም) በፎገራ ገበሬዎች ኑሮ ላይ ያመጣው ጣጣ ነው። ዳታው ተሰብስቦ አልቋል፣ ገበሬዎቹን ያናገርኩበት ቅጂ ስልኬ ላይ አለ፣ የቀረው መጻፍ ነው እሱ ነው እምቢ ያለኝ። ላፕቶፑን ከፍቼ ምእራፍ አራት የሚለው ፋይል ላይ እገባና ፎንት ስቀይር ማርጂን ሳስተካክል ሪፈረንስ በፊደል ተራ ስደረድር ይመሻል፣ አንድ አረፍተ ነገር የለም። አድቫይዘሬ ሲደውል አላነሳም፣ ሰው "ጨረስክ?" እንዳይለኝ የሀይቁን ዳር ትቼ በውስጥ ለውስጥ ነው የምሄደው 😂 ሰነፍ ነኝ እንዳልል የጓደኛዬን ፕሮፖዛል ባንድ ሌሊት አስተካክዬለታለሁ። ከልጅነቴ ጎበዙ እየተባልኩ ነው ያደግኩት፣ ምን ነካኝ?

የፔዳዋ፦
መልሱን ራስህ ጻፍከው እኮ። የጓደኛህ ቢበላሽ የሱ ነው፣ ያንተ ቢበላሽ ግን ጎበዙ የሚለው ስም አብሮ ይሄዳል። ሳይኮሎጂ ስማር የማልረሳው በርግላስና ጆንስ በ1978 (በፈረንጅ) የሰሩት ጥናት ነው። ተማሪዎችን ፈተኑ፣ ለአንዳንዶቹ የተሰጠው ጥያቄ መልስ የሌለው ነው፣ ግን ሁሉንም በጣም ጥሩ ሰርታችኋል አሏቸው። ከሁለተኛው ፈተና በፊት አንዱ ጭንቅላት የሚያሰራ አንዱ የሚያደነዝዝ መድሀኒት አለ ምረጡ ሲሏቸው በምን እንዳለፉ ያልገባቸው ወንዶች በብዛት የሚያደነዝዘውን አነሱ። ቢወድቁ በመድሀኒቱ ያሳብባሉዋ! ያንተ መድሀኒት ደግሞ ጊዜ ማጣት ነው፣ መጨረሻ ላይ ተጣድፈህ ታስረክብና ከተበላሸ "ጊዜ አጥሮኝ እንጂ" ትላለህ፣ ስምህ ተረፈ።

ቀበሌ14፦
ይቅርታ እኔ አልስማማም፣ ዘንድሮ ሁሉም ነገር ፍርሀት ሆነ። ፒርስ ስቲል የሚባል ሰው በ2007 (በፈረንጅ) ብዙ ጥናት ሰብስቦ ሲያየው ስራ ለነገ ከማስተላለፍ ጋር በደንብ የተያያዘው ስራው ማስጠላቱ፣ ውጤቱ ሩቅ መሆኑና ራስን መግዛት አለመቻል ነው፣ ጭንቀታምነት ግንኙነቱ ደካማ ነው የወጣው። ቲሲስ ይደብራል አለቀ። ቲክቶክህን አጥፋና ተቀመጥ፣ ይሄን ሁሉ የጻፍክበት ግማሽ ገጽ ይወጣው ነበር።

የፔዳዋ፦
@ቀበሌ14 እዛው ጥናት ላይ እችላለሁ የሚለው እምነት ማነስም ከጠንካሮቹ ጋር ነው የተቀመጠው፣ እሱን ዘለልከው 😄

ቀበሌ14፦
እሺ እሱን ሰጠሁሽ። ቲክቶኩ ግን ይጥፋ።

ጋሽ_መምህር፦
ልጄ፣ የተማሪ ቲሲስ ሳማክር ብዙ ዘመኔ ነው። ዘግይተው የሚመጡት ብዙ ጊዜ ጎበዞቹ ናቸው፣ ደካማው ያገኘውን ጽፎ ይዞ ይመጣል፣ አርመን እንመልስለታለን፣ በሶስተኛው ሰው ይሆናል። ጎበዙ የመጀመሪያው ድራፍት መጽሀፍ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ምእራፍ አራት ብለህ አትጀምር፣ ፋይሉንም አትክፈተው። ከቅጂዎቹ አንዱን ክፈትና ሰውየው ያለውን እንዳለ ገልብጥ፣ ከስሩ "ይሄ የሚያሳየው" ብለህ ሁለት መስመር ጨምርበት፣ ቢያስጠላም ተወው። ስላለፈው ጊዜ ራስህን መርገምም ይቅርብህ፣ በ2010 በፈረንጅ ካናዳ ውስጥ የተሰራ ጥናት ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናቱን በማስተላለፋቸው ለራሳቸው ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለቀጣዩ ያስተላለፉት ያነሰ ነበር ይላል። ቀበሌ14 ያልከው ስልክም እውነት ነው፣ ግን እሱ መደበቂያው ነው።

ጣና_ዳር፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አንዱን ከፈትኩት፣ አንድ አባት ናቸው፣ "ከብቱ በላው ብለን ደስ ሲለን ሆዱን ነፋው" ይላሉ፣ እሱን ጻፍኩ። ግን ይሄን ያህል ጠፍቼ ለአድቫይዘሬ በምን አፌ ልደውል?

ጋሽ_መምህር፦
አትደውል፣ ያንን ገጽ ላክለትና "ድራፍት ነው፣ ይዩልኝ" በል። ምክንያት አትደርድር፣ እኛ ምክንያት አናነብም። ደግሞ ዛሬ ላክ፣ ነገ ማርጂን ልታስተካክል ነው።

ቀበሌ14፦
😂😂 ማርጂኗን ጋሼም ደረሱባት