ጎንደር፦ አዲሱ የውይይት ሬዲዮ ላይ የሚጎርፈውን የአድማጭ አስተያየት ከየት ጀምረን እናስተካክል?

ቀሃ ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ሥራ በጀመረ የጎንደር ኤፍኤም ጣቢያ የአድማጭ አስተያየት መቀበያ ላይ ነኝ። ጣቢያው ሙዚቃ እምብዛም የለውም፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ውይይት ነው፦ የከተማ ጉዳይ፣ ጤና፣ እርሻ፣ ስፖርት፣ መሀል መሀል ላይ የአድማጭ ስልክ። አስተያየቱ በስልክ፣ በቴሌግራምና በአካል ይመጣል፤ ግን እርስ በርሱ ይጋጫል። ፒያሳና አራዳ «ጥርት ብሎ ይሰማል» ይላል። አዘዞ «ሽሽ ይላል» ይላል። ማራኪ «አንዱ ቤት ይሰማል፣ ጎረቤቱ ጋ አይሰማም» ይለናል። ከዚያ ደግሞ፦ «ስልካችሁ አይገባም»፣ «የሚደውሉት ሁሌ እነዚያው ናቸው»፣ «አቅራቢዋ እንግዳውን አታስጨርስም»፣ «ውይይቱ ያሰለቻል»። አለቆች የማሠራጫው ጉልበት ይጨመር ይላሉ፤ አዘጋጆች ፕሮግራሙ ይቀየር ይላሉ። ቅድሚያ ለየትኛው እንስጥ?

የአንቴና ሰው

ወንድሜ፣ ጉልበት መጨመሩን ለጊዜው ተዉት። የማሠራጫው ዋት እጥፍ ቢሆን የሚገኘው 3 ዴሲቤል (የሲግናልና የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ነው፤ አድማጭ ልዩነቱን በጭንቅ ነው የሚለየው። በዚያ ላይ ፈቃዱ ላይ ከተጻፈው በላይ ያለ ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን ስምምነት መውጣት አይቻልም። ኤፍኤም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሞገድ ነው። ጎንደር ደግሞ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለች፣ ተራራ የከበባት ከተማ ናት። አንዱ ሰፈር አንቴናውን ፊት ለፊት ሲያየው ሌላው ከጉብታ ጀርባ ይወድቃል። ይህን የሚፈታው የአንቴናው ከፍታና የተተከለበት ቦታ ነው እንጂ ዋት አይደለም።

መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ «አይሰማም» የሚለውን ቃል መበተን ነው። ለሚደውል ሁሉ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የት ሰፈር ነዎት? በምን ነው የሚሰሙት (በሞባይል፣ በመኪና፣ በፍላሽ በሚሠራ ስፒከር፣ በቤት ሬዲዮ)? ድምፁ ምን ይመስላል? መልሱ ከሞላ ጎደል ምክንያቱን ይናገራል።

ሽሽታ ከሆነ ሲግናሉ ደካማ ነው። የእናንተ ነገር ደግሞ መፍትሔው ቅርብ ነው፤ ሙዚቃ ካላሠራጫችሁ ስቴሪዮ (ድምፅን በግራና በቀኝ ለይቶ መላክ) ምን ያደርግላችኋል? ይህን የሚሠራውን መሣሪያ፣ ስቴሪዮ ኢንኮደሩን፣ አጥፉና በሞኖ፣ ማለትም በአንድ ድምፅ ብቻ፣ አሠራጩ። ደካማ ሲግናል በሚደርስበት ቦታ ሞኖ ከስቴሪዮ ወደ 20 ዴሲቤል ገደማ የጠራ ነው። የአዘዞው ሽሽታ ብዙው በዚህ ብቻ ሊጠፋ ይችላል፤ ወጪውም ዜሮ ነው።

ድምፁ የሚሰነጠቅ ከሆነ፣ በተለይ «ሰ» እና «ጸ» ላይ፣ ሁለት ምክንያት አለ። ሬዲዮውን ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ወዲያ ወዲህ ሲያደርጉት የሚስተካከል ከሆነ፣ ሲግናሉ ከተራራ ተንጸባርቆ ሁለት ጊዜ እየደረሰ ነው። የትም ቢወስዱት ያው ከሆነ ግን ጥፋቱ የጣቢያው ነው፤ ድምፁ ከመጠን በላይ ተጋግሎ ነው የሚወጣው። የኤፍኤም ሞጁሌሽን (ድምፁ ሞገዱን የሚያወዛውዝበት መጠን) ከ75 ኪሎኸርዝ ማለፍ የለበትም። ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ የሚገታውን መሣሪያ፣ ሊሚተሩን፣ ተመልከቱ።

የማራኪው «አንዱ ቤት ይሰማል፣ ሌላው አይሰማም» አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮ ነው። የቆርቆሮ ጣራና የብረት በር ሞገዱን ይከልላሉ። ሬዲዮው ቁም ሳጥን ላይ ከሚቀመጥ ወደ ማሠራጫው አቅጣጫ ባለ መስኮት ይጠጋ። ርካሽ አምፖልና ቻርጀርም ይረብሻል፤ ሁሉንም አጥፍቶ በባትሪ ሞክሮ ማየት ነው። በሞባይል የሚሰማ ሰው ባለገመድ የጆሮ ማዳመጫ መሰካት አለበት፤ አንቴናው ገመዱ ስለሆነ በብሉቱዝ ማዳመጫ ብቻ አይሠራም። ይህን ራሱን በየቀኑ ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ንገሩ።

ከዚያ በአንድ መኪና፣ በአንድ ሬዲዮ፣ ድምፁን ሳትነኩ ከፒያሳ በማራኪ አዘዞ፣ ከአዘዞ በአንድ በኩል እስከ ቆላ ድባ፣ በሌላው እስከ ማክሰኚት ሂዱና የሚቆራረጥበትን ቦታ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። ወደ አምባ ጊዮርጊስ በኩል ተራራው ስለሚጋርድ ብዙ አትጠብቁ፤ ለዚያ አካባቢ ሰው ቃል ባትገቡ ይሻላል።

መስመር ሁለት

ከላይ የተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ «ውይይቱ ያሰለቻል» የሚለውንም አስተያየት ግማሹን የምትፈቱት ስቱዲዮ ውስጥ ነው። የአቅራቢዋ ድምፅ ጎልቶ የእንግዳው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ አድማጭ እሱን ለመስማት ሲታገል ይደክመዋል፤ የደከመው ሰው «ድምፁ ልክ አይደለም» አይልም፣ «አሰለቸኝ» ነው የሚለው። እንግዳ ማይክ ፊት እንዴት እንደሚቀመጥ አያውቅም፤ ወንበሩን የምታስተካክሉለት እናንተ ናችሁ። ከአፍ እስከ ማይክ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ማይኩ ፊት ለፊት ሳይሆን ከከንፈር ጎን ትንሽ ዘንበል ይበል። አማርኛ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ የሞሉበት ቋንቋ ነው፤ ፊት ለፊት ከተነገሩ ማይኩ ላይ ይፈነዳሉ። ክፍሉ ባዶ ሲሚንቶ ከሆነ የክፍሉን ማስተጋባት ሁሉ የሚስበውን ኮንደንሰር ማይክ ትታችሁ የቅርቡን ድምፅ የሚይዘውን ዳይናሚክ ተጠቀሙ፤ ግድግዳው ላይ ወፍራም ምንጣፍ ወይም ጋቢ ስቀሉ። የጄነሬተር ጉርምርምታ ካለ ሚክሰሩ ላይ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። የእንግዳ ሞባይል ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥ፤ ያ «ትርትርትር» የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ስልኩን በተመለከተ። «አይገባም» ማለት መስመሩ በአንድ ሰው ተይዟል ማለት ነው። ከማይኩ ውጭ የሚቀመጥ ስልክ ተቀባይ ያስፈልጋችኋል፤ አቅራቢዋ ራሷ ስታነሳ መስመሩም ፕሮግራሙም ይታነቃል። ተቀባዩ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ስም (የአባት ስም አያስፈልግም)፣ ሰፈር፣ ሊናገር የፈለገው በአንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ «ሬዲዮዎን ያጥፉ፣ እኛ በስልኩ እናሰማዎታለን» ይበል። ይህ ካልተባለ ደዋዩ የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ከሬዲዮ ሲሰማ ግራ ይጋባና «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲል ሁለት ደቂቃው ያልቃል። ወደ ደዋዩ የሚመለሰው ድምፅም የራሱ ድምፅ የተቀነሰበት መሆን አለበት፤ ሚክሰራችሁ ላይ ለስልክ ሃይብሪዱ (ስልኩን ከሚክሰሩ ጋር ለሚያገናኘው መሣሪያ) የተለየ መውጫ ካልሰጣችሁት ማስተጋባቱ አይቀርም።

ብዙ ሰው ሂሳብ ስለሌለው ነው የማይደውለው። ሚስድ ኮል ተቀበሉና እናንተ መልሳችሁ ደውሉ። ወጪ አለው፤ ግን እስካሁን ድምፁ ያልተሰማ አድማጭ የሚመጣው በዚህ በር ነው። «ሁሌ እነዚያው» የሚለውን ደግሞ በደንብ ፍቱት፦ አንድ ቁጥር በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የደወለ ቅድሚያ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ።

እባካችሁ ያለ ማዘግያ በቀጥታ ስልክ አታስገቡ። ድምፁን ከ7 እስከ 10 ሰከንድ የሚያዘገይ መሣሪያ ወይም ሶፍትዌር ይኑርና ቁልፉ ላይ ሰው ይቀመጥ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ከሕጉም በላይ ግን በዚህ ጊዜ በአንድ ሰፈር ወይም በአንድ ወገን ላይ የተወረወረ ቃል በሰው ሕይወት ላይ የሚያመጣው ጣጣ አለ። ማዘግያ ከሌላችሁ የደዋዮችን ቃል ቀድማችሁ ቅዱና እዚያው ፕሮግራም ላይ ቆይታችሁ አስተላልፉ። ደዋይ የግለሰብ ስም ጠርቶ «በላ፣ ሰረቀ» ካለ ወዲያው ይቆረጥ።

ቅዳሜ ገበያ

እህቴም ወንድሜም የተናገሩት የቴክኒኩን ነው፤ እኔ ስለ አስተያየቱ አሰባሰብ ልናገር። በስልክና በቴሌግራም የሚመጣ አስተያየት ጣቢያውን መስማት ከቻለ፣ ሂሳብና ኢንተርኔት ካለው ሰው የመጣ ነው። መስማት ያልቻለው አይደውልላችሁም፤ ሰምቶ የዘጋውም አይደውልም። እነሱን ሄዳችሁ ነው የምታገኟቸው፦ ልብስ ሰፊ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ባጃጅ ተራ፣ ጉሊት፣ ወፍጮ ቤት። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ የሚከፈተው እነዚህ ጋ ነው።

ስትሄዱ «ጣቢያችንን እንዴት አያችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ ያለበት ሰው ፊት ለፊት ምን ይላችኋል? «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ነው የሚለው። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ ትናንት ከምን እስከ ምን ሰዓት ከፈቱት? ሲዘጉት ስለ ምን እየተወራ ነበር? ከተወራው አሁን የሚያስታውሱት አንድ ነገር ምንድን ነው? ልብስ ሰፊው «ዶክተሩ ስለ ስኳር በሽታ ሲያወራ ደንበኛ መጣ፣ ስመለስ ማን እንደሚያወራ አላወቅኩም፣ ቀየርኩት» ካላችሁ፣ ይህ ከመቶ «በርቱ» ይበልጣል። ችግሩ ርዕሱ አይደለም። በየ10 ደቂቃው የእንግዳውን ስም፣ ጉዳዩንና ስልክ ቁጥሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር መድገም ብቻ ነው የጎደለው።

የመጣውን ሁሉ አንድ መዝገብ ላይ አስፍሩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ሰፈር፣ ወንድ ወይም ሴት፣ የተሰማበት ዕቃ፣ ቃል በቃል የተባለው። «ቃል በቃል» የምለው በምክንያት ነው። «ድምፅ አይሰማም» ብላችሁ ካሳጠራችሁት በኋላ ሲግናሉ ይሁን ማይኩ ይሁን ደዋዩ ይሁን ማንም አይለየውም። የግለሰብ ስልክ ቁጥር ግን ከስቱዲዮ አይውጣ።

አቅራቢዋ እንግዳ አታስጨርስም የሚለውን ቅጂውን ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ስሙት እንጂ በስብሰባ አትፍረዱባት። ብዙ ጊዜ አቋራጭ የምትመስለው ጥያቄዋ ረጅም ስለሆነ ነው፤ እንግዳው መልስ ሲጀምር እሷ ገና ጥያቄዋን አልጨረሰችም። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። «ማለት ነው»ን በየመሀሉ መደጋገምም አድማጭ ጆሮ ላይ ይከብዳል።

ይዘቱ ላይ፦ ሰው የሚፈልገው የውሃ ፈረቃ ለየትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ መብራት የት እንደሚጠፋ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ነው። የገበያ ዋጋ ስትናገሩ ቀኑን፣ ገበያውንና ዓይነቱን ካልጠቀሳችሁ ዋጋ የለውም፤ «ጤፍ ይህን ያህል ገባ» ሳይሆን ነጭ ነው ሰርገኛ፣ በኩንታል ነው በኪሎ። የእርሻ ፕሮግራማችሁን ደግሞ በሥራ ቀን ጠዋት ባታደርጉት። የደምቢያ ገበሬ ያን ጊዜ በሬ ጠምዷል። በወር በ12፣ በ21፣ በ27 እና በ29 በዓል አክብሮ ቤት ይውላል፤ የእርሻ ባለሙያ ማምጣት ያለባችሁ በእነዚያ ቀኖች ነው። ሙስሊም አድማጮች ዓርብ እኩለ ቀን ጁምዓ ላይ ናቸው፤ የእነሱን ጉዳይ የሚነካ ውይይት በዚያ ሰዓት አይያዝ።

ቀሃ ማዶ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሞኖውን ለቴክኒሽያናችን አቅርቤዋለሁ። አዘዞ ላሉት በገመድ የሚሠራ አንቴና ማስተማር ይቻላል ወይ? ልኬቱን በአየር ላይ እንድንናገረው።

የአንቴና ሰው

ይቻላል። 143ን ለጣቢያችሁ ሜጋኸርዝ ማካፈል ነው፤ የሚመጣው የአንቴናው ጠቅላላ ርዝመት በሜትር ነው። ለምሳሌ 100 ሜጋኸርዝ ላይ ላለ ጣቢያ 1 ሜትር ከ43 ይሆናል። ግማሽ ግማሹ፣ 71 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ በግራና በቀኝ ይዘረጋል፤ ከመሀል ሁለቱ ሽቦ ወደ ሬዲዮው የአንቴና መግቢያ ይሄዳል። ተራ ባለ ሁለት ክር የመብራት ገመድ ይበቃል። ጫፎቹ እርስ በርስም ሆነ ከቆርቆሮ ጋር እንዳይነካኩ። ማሠራጫችሁ ሞገዱን በቁም የሚልክ ከሆነ አንቴናውም ይቁም፤ በአግድም ከሆነ ይጋደም፤ ይህን ቴክኒሽያኑ ያውቀዋል፣ አብራችሁ ንገሩ። መግቢያ የሌለው፣ የሚሳብ ዘንግ ብቻ ያለው ሬዲዮ ከሆነ 75 ሳንቲ ሜትር ሽቦ ዘንጉ ጫፍ ላይ አስሮ ወደ መስኮት መዘርጋት ነው። ከቤት ውጭ፣ ጣራ ላይ እንዳይሰቅሉት ግን አጥብቃችሁ አስጠንቅቁ፤ የጎንደር ክረምት መብረቅ አለው።

ከማሠራጫው ሥር ያሉ ቤቶች «የእናንተ ጣቢያ ሌላ ጣቢያ ስንከፍትም ይገባብናል» ካሏችሁ መፍትሔው ተቃራኒው ነው፦ ዘንጉን ያሳጥሩት።

አያ ደፋሩ

በአንድ ነገር ከመስመር ሁለት ጋር አልስማማም። አንድ ቁጥር በሳምንት አንዴ የሚለው ደንብ ለጠዋቱ የከተማ ጉዳይ ፕሮግራም ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ግን ስልክ ሲቀዘቅዝ ፕሮግራሙን የሚያቆዩት እነዚያ የተለመዱ ደዋዮች ናቸው። አዲስ ጣቢያ እነሱን በር ከዘጋባቸው ወደ ሌላ ሞገድ ይሄዳሉ። ሰዓቱን ከፍላችሁ፣ የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ለአዲስ ደዋይ፣ ቀሪውን ክፍት አድርጉት፤ ይህንንም ፕሮግራሙ ሲጀመር ተናገሩ።

መስመር ሁለት

ይሁን፣ አያ ደፋሩ፣ በዚህ እስማማለሁ። የ20 ደቂቃው ግን በእጅ ሰዓት ይያዝ፤ አቅራቢ በግምት ካስኬደው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይጠፋል። ቀሃ ማዶ፣ ወደ ሞኖ ስትቀይሩ ቀኑን መዝገቡ ላይ ጻፉት፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ከአዘዞ የመጣውን ለይታችሁ ካላያችሁ ለውጡ ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለውን አታውቁም። በዚያው ሳምንት የፕሮግራም ሰዓት አትቀይሩ።