ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች የሚገዛው ራም ስንት ፍጥነት ይኑረው?

አወያይ፦ በደቡብ ወሎ የሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከወላጆች በተዋጣ ገንዘብ የኮምፒውተር ክፍሉን ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ሊያሳድግ ነው። ማሽኖቹ ኤች410 ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) እና ኮር አይ3-10100 ፕሮሰሰር ያላቸው ሲሆኑ፣ በእያንዳንዳቸው የተሰካው ራም ባለ 4 ጊጋባይት አንድ ዲዲአር4 (የራም ትውልድ ስም ነው) ብቻ ነው። የግዥ ሰነዱ ፍጥነቱ 3600 የሆነ ራም ይጠይቅ ወይስ 2666 ይበቃል (ቁጥሩ በሰከንድ ስንት ሚሊዮን የመረጃ ዝውውር እንደሚደረግ ያሳያል)?

የወላጆች ኮሚቴ አባል፣ ከሐይቅ፦ ገንዘቡ ከገበሬውም ከነጋዴውም የተሰበሰበ ነውና የተሻለው ዕቃ ይገዛ እላለሁ። ዛሬ ባይሠራበት እንኳ፣ ነገ ማዘርቦርዱ ሲቀየር ፈጣኑ ራም ያገለግለናል።

የጥገና ባለሙያ፣ ከደሴ፦ ጋሼ፣ ሐሳብዎ ቅን ነው፤ ሆኖም በራሙ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን ፍጥነቱን አይወስንም። ራሙን የሚያዝዘው መቆጣጠሪያ ያለው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ 2666 ነው፣ ኤች410 ደግሞ ከዚያ በላይ እንዲሄድ አይፈቅድም። የባሰው ነገር ሌላ ነው። 3600 ተብለው የሚሸጡት ራሞች (መብራት የተገጠመላቸውም አሉ፤ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ለማን እንደሚያበሩ አይገባኝም) ያን ፍጥነት የሚያገኙት ኤክስኤምፒ የሚባለው ቅንብር በባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ በሚሠራው የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ሲከፈት ነው። ይህ ካልተቻለ ወደ መደበኛ ፍጥነታቸው ይወርዳሉ፤ መደበኛው 2133 ወይም 2400 የሆነባቸው ብዙ ስለሆኑ፣ ውድ የተከፈለበት ራም ከተራው 2666 አንሶ ሊሠራ ይችላል። ለነገው ቢባልም፣ ቀጣዩን ትውልድ ዲዲአር5ን ብቻ በሚቀበል ማዘርቦርድ ላይ ዲዲአር4 ከነጭራሹ አይገባም።

መምህር፣ ከኮምቦልቻ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ሰነዱ «2666 ብቻ» ካለ እሱም ስሕተት ነው። መደበኛ ፍጥነቱ 3200 የሆነ ራም ያለ ኤክስኤምፒ በ2666 በሰላም ስለሚሠራ፣ ዋጋው ከተመጣጠነ ለምን ይከለከላል? እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የስሎቱ (ራም የሚሰካበት ቦታ) ጉዳይ ነው። አንድ ራም በ2666 በሰከንድ 21 ጊጋባይት ገደማ ያስተላልፋል፤ ሁለት ተመሳሳይ ራሞች ፕሮሰሰሩን ከራም ጋር በሚያገናኙት ሁለት መስመሮች ሲሰኩ ግን ይህ አቅም እጥፍ ይሆናል። ማሽኖቹ የተለየ የግራፊክስ ካርድ ከሌላቸው፣ ምስሉን የሚሠራው ፕሮሰሰር ከዚሁ ራም ስለሚበደር ልዩነቱ ለተማሪው ይታወቀዋል። አሮጌው ከአዲሱ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሁለቱም በዘገምተኛው ፍጥነት ይሄዳሉ።

የኮሚቴው አባል፦ እሺ፣ 3600ውን ትቻለሁ። ግን ሻጩ ያመጣው ራም በ2666 መሥራቱን እኛ በምን እናውቃለን? ደረሰኝ ላይ ሁሉም ያምራል።

የጥገና ባለሙያ፦ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ራሞቹ በአንዱ ማሽን ላይ ይሰኩና ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር ተከፍቶ የሜሞሪው ፍጥነት ይታይ፤ ይህም በውሉ ውስጥ እንደ ርክክብ ግዴታ ይጻፍ።

መምህር፦ በአንዱ ማሽን ብቻ አይበቃም። ሻጩ የተለያየ ምርት ቀላቅሎ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ሁሉም ይፈተሹ።