የሰፈር ወሬ ከየት ይሰማል? ጀሞ ለገባችሁ ትንሽ ጥቆማ

አንዲት እህት አዲስ አበባ፣ ጀሞ 1 ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ገባች። «ውኃ መቼ እንደሚመጣ፣ ስብሰባ መቼ እንደሆነ፣ መንገድ መቼ እንደሚዘጋ የሚነግረኝ አጣሁ። የትኛው ግሩፕ ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሴ እየረዘመ ሲሄድ ሌሎቻችሁንም ይጠቅማል ብዬ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት።

ሁሉን ነገር አንድ ቦታ አታገኙም። እኔ አንዱን ከሌላው የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ወሬው ውሸት ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው አለ ወይ? ፍጥነት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከቴሌግራም እንጀምር፤ ሁላችንም የምንውለው እዚያ ነው። ሁለት ዓይነት ግሩፕ አለ። አንደኛው የብሎካችሁ ወይም የሳይታችሁ ሰዎች ብቻ ያሉበት ትንሹ ነው። ሌላው «የሰፈሩ» የሚባለው፣ ማን እንዳለበት እንኳ የማይታወቀው ትልቁ ግሩፕ ነው። ትንሹን ፈልጉ። ሊንኩን ፈልጋችሁ ኢንተርኔት ላይ አታገኙትም፤ ያለው የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ አባል ዘንድ ነው፣ ካልሆነም ግራውንድ ላይ ያለው ባለሱቅ ወይም ጥበቃው ጋ። አንድ ዳቦ ገዝታችሁ ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል።

የትንሹ ግሩፕ ጥቅም የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ድርግም ይላል። አንዱ «መብራት ያለው አለ?» ብሎ ይጽፋል። «ብሎክ 40 አለ።» «እኛ ጋ አንድ ፌዝ ብቻ ነው የቀረው።» «ከታክሲ ተራው ማዶም ጨለማ ነው።» ወዲያው ችግሩ የት እንዳለ ይገባችኋል። አካባቢው በሙሉ ከጠፋ ሻማ አብርቶ መጠበቅ ነው። የእናንተ ብሎክ ብቻ ከሆነ ግን ካልነገራችኋቸው ማንም አያውቅላችሁም፤ 905 መደወል የግድ ነው። «ሌላው ደውሎ ይሆናል» እያለ ሁሉም ሰው ሲተኛ ነው ጨለማው የሚያድረው። ስትደውሉ የውል ቁጥራችሁን አጠገባችሁ አድርጉ።

ትልቁ ግሩፕ ሌላ ዓለም ነው። ጠዋት የጠፋ ልጅ ፎቶ ይለጠፋል። ቀጥሎ ያገለገለ ሶፋ፣ ቀጥሎ የሚከራይ ስቱዲዮ፣ ቀጥሎ ሦስት ደላላ፣ ከዚያ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ «ነገ ውኃ በሙሉ ይቋረጣል፣ ሼር አድርጉ» የሚል ፎርዋርድ። ቀን የለው፣ ፈራሚ የለው። አምና የወጣ ማስታወቂያ ዘንድሮ እንደ ትኩስ ሲዞር አይቻለሁ። ከዚህ የባሰም አለ። ውኃ በጠፋበት ሰሞን አንዱ «ቦቴ አመጣለሁ፣ ቅድሚያ በቴሌብር ላኩ» ብሎ ጎረቤቶቼን አስከፍሎ ደብዛው ጠፋ። አድሚኑ ሰውየውን ከግሩፑ አስወጣው፤ በቃ፣ ሌላ ምን ያድርግ? እንግዲህ ሮቶው ሲሞላ በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። ግሩፑን ግን ውጡ አልልም። ሚዩት አድርጉትና የምትፈልጉትን ነገር በፍለጋ አውጡ። የልጅ ዩኒፎርም ወይም ያገለገለ ፍሪጅ ለመሸጥ እሱን የሚያህል የለም።

ለመብራትና ለውኃ ከግሩፕ ይልቅ የተቋማቱን የራሳቸውን ገጽ ተከተሉ። የኤሌክትሪክ አገልግሎት ለጥገና ኃይል የሚያቋርጥባቸውን ቦታዎች አስቀድሞ ያወጣል፤ ቀኑም ሰዓቱም ይጻፋል። አንድ ብልሃት ልንገራችሁ። ቦታዎቹ በአብዛኛው የሚጠሩት በሚታወቅ ነገር ስም ነው፦ በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤት፣ በፋብሪካ፣ በሆቴል። ስለዚህ «ጀሞ» የሚለውን ብቻ እያያችሁ አትለፉ፤ በቤታችሁ ዙሪያ ያሉትን ስሞች እወቁ። ለውኃና ፍሳሽ ስልኩ 906 ነው። የፈረቃው ፕሮግራም የሚወጣው በአካባቢ ተከፋፍሎ ስለሆነ የወረዳችሁን ቁጥርና የሚያገለግላችሁን ቅርንጫፍ ስም መያዝ ይጠቅማል። 4ኛ ፎቅ ያላችሁ ግን ቀኑን ብቻ አትቁጠሩ። ውኃው ወደ ላይ የሚደርሰው ታች ያለው ሰው ቀድቶ ሲያበቃ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው። ይህን ደግሞ የሚነግራችሁ ገጽ የለም፤ ከበላያችሁም ከበታቻችሁም ያለውን ጎረቤት ጠይቁ።

እሳት ወይም ድንገተኛ ነገር ሲመጣ ግሩፕ ላይ መጻፉ ይቆይ። ለእሳት 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991። ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቧቸው።

ወደ ዕድር ልምጣ። በእኔ ሚዛን አንደኛ የሚወጣው እሱ ነው፤ የሚስቅ ይሳቅ። ድሮ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ገና ሳይነጋ በየመንደሩ እየዞረ «የእገሌ እናት አርፈዋል፣ ቀብር 6 ሰዓት» ይል ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጡሩምባ እንኳ ብዙም አይሰማም። አሁን በር ላይ ወረቀት ይለጠፋል፣ የስልክ መልእክት ይላካል፣ አንዳንዱም ቴሌግራም ከፍቷል። መንገዱ ይለወጥ እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ ዕድር በሐሰት ሞት አያውጅም። ጸሐፊው ስሙ ይታወቃል፣ ቤቱ ይታወቃል፣ ገንዘብ ያዡም እንደዚያው። የተሳሳተ ነገር ቢናገር የወሩ ስብሰባ ላይ ቆሞ ይመልሳል። ሰው በብዛት ዕድርን ከድንኳንና ከወንበር ጋር ብቻ ነው የሚያያይዘው። የወሩ ስብሰባ ላይ አንድ ጊዜ ቁጭ በሉና እዩ። ስለ ሞት ተወርቶ ሲያልቅ የሚነሳው ሌላ ነው፦ ቱቦው የት እንደተሰበረ፣ ማን ቤት ሌባ እንደገባ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ክፍያ እንደጨመረ፣ የትኛዋ ሠራተኛ ታማኝ እንደሆነች። የሴቶች ዕድር ካለ ደግሞ ወሬው እጥፍ ነው። የመመዝገቢያውንና የወሩን መዋጮ፣ የቀሪ ቅጣቱንም ጭምር አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከዕድር ዕድር በጣም ይለያያል። አዲስ ገቢ ዘግይቶ ሲመዘገብ ብዙ የሚያስከፍሉም አሉ፣ ስለዚህ ቶሎ ግቡ።

የኮሚቴው ማስታወቂያ ደረጃው መግቢያ ላይ የሚለጠፈው ነው። በማርከር የተጻፈ ግማሽ ገጽ፣ ከሥሩ ክብ ማኅተም። የጥበቃና የጽዳት መዋጮ፣ የፓምፕ ጥገና፣ የጠቅላላ ጉባኤ ቀን፣ ሁሉም እዚያ አለ። ማኅተሙና ቀኑ ስላለ ከትልቁ ግሩፕ በብዙ ይሻላል። ችግሩ ልጆች ይቀድዱታል፣ ወይም የቤት አሻሻጭ በላዩ ላይ ይለጥፍበታል። ስትወጡ ስትገቡ አንድ ጊዜ ቀና በሉ፤ ፎቶ አንስታችሁ ትንሹ ግሩፕ ላይ ብትለጥፉማ ትመረቃላችሁ።

የወረዳው ሰሌዳ የሚጠቅመው ጉዳይ ላለው ሰው ነው፤ መታወቂያ፣ ምዝገባ፣ ሥራ ፈላጊ፣ ስብሰባ። ለወሬ ብላችሁ አትመላለሱ። የሸማቾች ሱቅ ግን የተለየ ነው። ስኳርና ዘይት ሲገባ ከማንም በፊት የሚያውቁት በአጠገቡ ጀበና ቡና የሚያፈሉት ናቸው። በእነሱ በኩል የሚሰማ ነገር ስቶ አያውቅም። ከተማው ያቋቋማቸው የእሁድ ገበያዎችም አሉ። ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ከሰፈር ጉሊት ጋር አወዳድራችሁ ግዙ፤ ሁልጊዜ ይረክሳል ማለት አይደለም፣ ጠዋት ማልዶ የሄደ ግን ደህናውን መርጦ ይወጣል።

ሬዲዮ ለሰፈር ወሬ አይሆንም፤ ለመንገድ ግን አሪፍ ነው። ሸገር 102.1ም ሆነ ፋና 98.1፣ ወይም የከተማው 96.3 ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ጆሮ ስጡት። ትልልቅ በዓላትና ጉባኤዎች ሲኖሩ ፖሊስ የሚዘጉ መንገዶችን ዝርዝር ያወጣል፤ ጣቢያዎቹም ይደጋግሙታል። መስከረም 16 ለደመራ፣ በኅዳር ለታላቁ ሩጫ፣ በየካቲት ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ። በእነዚያ ቀናት በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ቀጠሮ ያለው ሰው ወይ በሌሊት ይውጣ ወይ ይቅርበት። ለጥምቀት ደግሞ ሬዲዮ አያስፈልግም። አዲስ የገቡ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይሳታሉ፦ ጥር 11 ሁሉ ነገር አለቀ ብለው ጥር 12 መኪና ይዘው ይወጣሉ። የሚካኤል ታቦት የሚገባው ጥር 12 ነው። ሚካኤል ባለበት ሰፈር መንገዱ ያን ቀን የታቦቱና የምእመኑ ነው። ነጭ ለብሳችሁ አብራችሁ ውጡ፣ በአንድ ቀን ከጎረቤት ሁሉ ትተዋወቃላችሁ።

ዝግጅት፣ ፊልም፣ ሙዚቃ፣ የልጆች ንባብ ለምትፈልጉ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጀሞ ብዙ የለም። ወደ መሀል ከተማ ነው የምትሄዱት። ስድስት ኪሎ ያለው የጀርመን ባህል ማዕከል ጎተ፣ ፒያሳ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴ፣ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት። ፕሮግራማቸውን ከራሳቸው ገጽ ተከታተሉ፤ በሌላ ሰው የተጋራ ፖስተር አምናችሁ ከጀሞ ፒያሳ ድረስ አትልፉ። አንዳንድ እሁድ መንገድ ተዘግቶ ልጆች ኳስና ብስክሌት የሚጫወቱበት «መንገድ ለሰው» ከ2011 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። የት እንደሚሆን ከሳምንቱ መጨረሻ በፊት ማጣራት ነው።

ተከራይ ለሆናችሁት የተለየ ነገር አለኝ። ጠያቂዬም ተከራይ ናት። የኮሚቴ ስብሰባ የሚጠራው ባለቤቱን ነው፣ ትንሹ ግሩፕም ብዙ ጊዜ የባለቤቶች ነው። ባለቤቱ ደግሞ ሌላ ሰፈር ይኖራል፤ ወይም አሜሪካ፣ ወይም ዱባይ። ፓምፕ ሊጠገን ነው የሚለው መልእክት እዚያ ማዶ ይደርሳል፣ ባዶ ጀሪካን ይዛችሁ የምትቆሙት ግን እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የኪራይ ውል ስትፈራረሙ ባለቤቱ ለኮሚቴው ደውሎ የእናንተን ቁጥር እንዲያስመዘግብ በዚያው ጠይቁት። አብዛኛው እሺ ይላል፤ ለእሱም ከጭቅጭቅ ይገላግለዋል። እንቢ ካለ የጥበቃና የጽዳት መዋጮውን በእጃችሁ ለገንዘብ ያዡ ክፈሉና ደረሰኝ ላይ ስማችሁን አስጽፉ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያዡ ራሱ ግሩፑ ውስጥ ያስገባችኋል፣ መዋጮ ሲደርስ የሚያስታውሰው ሰው ይፈልጋላ።

ጀሞ 2 እና ጀሞ 3 ያላችሁ የእናንተ ጋ እንዴት እንደሆነ ጨምሩበት። በተለይ ለእናቶች፣ ስማርት ስልክ ለሌላቸው፣ መልእክት በድምፅ ደውሎ የሚያሳውቅ ኮሚቴ ካለ ንገሩኝ፤ እኛም ያን እንዲያደርግ ኮሚቴያችንን እንጠይቅ።