ከ10ኛ ወደ 11ኛ ልሻገር ነው፤ ግቢ ያላችሁ ከምን ጀምሪ ትሉኛላችሁ?

የሐይቅ_ዳር_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምማረው ሐዋሳ ነው፤ ዘንድሮ 10ኛን ጨርሼ መስከረም ላይ 11ኛ እገባለሁ። ግቢ (ዩኒቨርሲቲ) ላላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ ጥያቄ አለኝ፦ እንደገና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ብትሆኑ ከምን ትጀምሩ ነበር? "በርቺ፣ ጠንክሪ" የሚለኝ ሰው ሞልቷል። እኔ የምፈልገው የትኛውን ርዕስ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ እንዴት አድርጌ የሚለውን ነው። ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ) ለመግባት አስቤያለሁ፣ ሒሳቤ ግን መካከለኛ ነው። ክረምቱን ቲቶሪያል ልግባ ወይስ ቤት ሆኜ ላንብብ?

ሲቪል_3ኛ_ዓመት

እህቴ፣ ሒሳብሽ መካከለኛ ከሆነ ክረምቱን ለሒሳብ ስጪው። 11ኛን ቀድመሽ እንድትጀምሪ ግን አይደለም፤ የ9ኛንና የ10ኛን አልጀብራ እንድታጠናክሪ ነው።

ናቹራል የገባ ተማሪ ፍሬሽማን (የግቢ 1ኛ ዓመት) ላይ መጀመሪያ የሚወስደው ሒሳብ ሎጂክና ሴት ቲዎሪ፣ ሪያልና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ፈንክሽን እና አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ነው። ቀጥሎ በአፕላይድ ማትማቲክስ ቬክተር፣ ማትሪክስ፣ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንተግራል ይመጣል። አብዛኛውን ርዕስ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ታገኚዋለሽ፤ አዲስ የሚሆንብሽ ፍጥነቱ ነው። መምህሩ አልጀብራውን ታውቂዋለሽ ብሎ ያልፈዋል። ዴሪቬቲቭ አቃተኝ የሚል ተማሪ ወረቀቱ ሲታይ ብዙ ጊዜ ዴሪቬቲቩን በትክክል አውጥቶታል፤ የተሳሳተው ከዚያ በኋላ ሲያቃልል ነው።

ነጥብ የሚበሉት ስህተቶች ደግሞ የታወቁ ናቸው። ሁለት ቁጥር ተደምሮ ካሬ ሲደረግ የመሃሉን መርሳት አንዱ ነው፤ የ3 እና የ4 ድምር ካሬ 49 ነው እንጂ 9 ሲደመር 16፣ ማለትም 25 አይደለም። "ኤክስ ካሬ እኩል ይሆናል 5 ኤክስ" ሲመጣ ሁለቱንም ጎን በኤክስ አካፍሎ "5" ብሎ መጨረስ ሌላው ነው። ዜሮም መልስ ነበር፤ በማካፈሉ ጠፋ። ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አምጥተሽ ፋክተር አድርጊ። ኢንኢኳሊቲን በኔጌቲቭ ስታባዢ ወይም ስታካፍዪ ምልክቱ ይገለበጣል። የኤክስ ካሬ ስኩዌር ሩት ኤክስ ሳይሆን የኤክስ አብሶሉት ቫልዩ ነው፤ ኤክስ ኔጌቲቭ 3 ቢሆን መልሱ 3 ነው። ክፍልፋይ ላይ የሚሰረዘው የተባዛ ብቻ ነው፤ ከላይ "ኤክስ ሲደመር 3"፣ ከታች "ኤክስ" ካለ ኤክስን ከኤክስ መሰረዝ አይቻልም። ሎጂክ ላይ ደግሞ "ሁሉም ተማሪ አልፏል" የሚለው ሲካድ "ማንም አላለፈም" አይሆንም፤ "ቢያንስ አንድ ያላለፈ አለ" ነው። ይህቺን በደንብ ያዣት፤ ክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ ላይም ትመጣለች።

በቀን አንድ ሰዓት ይበቃሻል፣ ሳይቆራረጥ ከሆነ። ስምንት ጥያቄ ሥሪ፤ አምስቱ አዲስ፣ ሦስቱ ከዚህ በፊት የሳትሻቸው። ለሳትሻቸው የተለየ ደብተር ይኑርሽ። ጥያቄውን ገልብጪ፣ ከሥሩ የተሳሳትሽበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፣ ከሳምንት በኋላ መልሱን ሳታዪ እንደገና ሥሪው። "ቸኩዬ ነው" የሚል ምክንያት አይጠቅምም፤ የትኛው መስመር ላይ ምን እንደሠራሽ ይጻፍ።

ሌላው ትልቅ ነገር ወርክአውት ነው፤ አሠራሩን በሙሉ እየጻፉ መሥራት ማለት ነው። ማትሪክ (የ12ኛ ፈተና) የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ ተማሪው መልስ መገመትና ምርጫዎቹን እየተኩ መሞከር ይለምዳል። ግቢ ሚድና ፋይናል ላይ ግን ባዶ ወረቀት ይሰጥሻል፤ ነጥቡም ለእያንዳንዱ እርምጃ ይከፋፈላል። ስለዚህ የምርጫ ጥያቄ ስትሠሪ ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኚያቸው። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ለውጥ ብቻ እያደረግሽ እስከ መጨረሻው ውረጂ፣ ከዚያ ግለጪው።

ቀይ_እስክሪብቶ

በሒሳቡ እስማማለሁ። ጤና ወይም ሶሻል (ማኅበራዊ ሳይንስ) ለሚገባ ሰው ግን ከሒሳብ ይልቅ የሚጎዳው እንግሊዝኛ ማንበብና ማስታወሻ መያዝ አለመቻል ነው። ሌክቸር ላይ ማንም አያስገለብጥሽም። ስላይዱ ያልፋል፣ ሃንድአውቱ ደግሞ ብዙ ገጽ ነው፤ እሱን ሁሉ መሸምደድ አይቻልም።

ልምምዱን በ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ ወይም ጂኦግራፊ መጽሐፍ ጀምሪው። አንድ ንዑስ ርዕስ፣ ሁለት ገጽ ገደማ፣ ለ15 ደቂቃ አንብቢ። መጽሐፉን ዝጊና በራስሽ እንግሊዝኛ አምስት መስመር ጻፊ። ክፈቺውና የጎደለውን በቀይ ሙዪ። በማግስቱ መጽሐፉን ሳይሆን ያን አምስት መስመር ሸፍነሽ ራስሽን ጠይቂ። ሰዋስውሽ ቢንሻፈፍ አትጨነቂ፣ እየጻፍሽ ይስተካከላል። የሚበላሸው መጽሐፉን ሳትዘጊ ስትጽፊ ነው፤ ያኔ እጅሽ ይገለብጣል እንጂ ጭንቅላትሽ አይሠራም። ገጹን በሙሉ በሃይላይተር መቀባትም እንደዚያው ነው።

የጥያቄ ግሶችን ለይተሽ እወቂ። "ሊስት" ከተባለ ስማቸውን ብቻ ደርድሪ፤ አንድ ገጽ የሚያብራራ ተማሪ ሰዓቱ ያልቅበታል። "ኮምፔር" ከተባለ ሁለቱንም በአንድ መለኪያ ጎን ለጎን አስቀምጪ፤ የአንዱን ብቻ የጻፈ ግማሹን ያጣል። "ጀስቲፋይ" ሲሆን መልሱ ብቻውን ነጥብ አያስገኝም፣ ምክንያቱ ይፈለጋል።

ኮምፒዩተርም አትርሺ። ከ2016 ጀምሮ የ12ኛ ፈተናን በኦንላይን የሚፈተኑ ተማሪዎች አሉ፤ ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ልጅ ሰዓት ይባክንበታል። ግቢም አሳይመንት በኮምፒዩተር ተጽፎ ነው የሚገባው። በስልክ ብቻ መልመድ አይበቃም።

ጥናት_ቡድን

ቲቶሪያል ያልሽውን በተመለከተ፦ ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ አለ? የሠራሁትን ወረቀት የሚያርም አለ? የራሴን ጥያቄ ይዤ መምጣት እችላለሁ? ከ15 በላይ ልጅ ካለና አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ሠርቶ የሚሄድ ከሆነ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ነው፤ ገንዘቡን አትስጪ። ሌላው ሰው ሲሠራ ማየት የገባሽ ያስመስልሻል፣ ብቻሽን ስትቀመጪ ግን አይወጣልሽም።

ከዚያ የሚሻለው ከሦስት እስከ አራት ሰው ያለው ቡድን ነው። ሕጉ አንድ ይሁን፦ ሁሉም ጥያቄዎቹን ቤቱ ለብቻው ሞክሮ ይምጣ። ስትገናኙ አንዱ አንድ ንዑስ ርዕስ ለ20 ደቂቃ ያስረዳል፣ ሌሎቹ "ለምን?" እያሉ ያቋርጡታል። ሳይሞክር የሚመጣ ልጅ ካለ ቡድኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ጨዋታ ይቀየራል፤ ሳታፍሪ ንገሪው።

የክፍል ውጤትሽ እንዳያዘናጋሽ። የ12ኛ ፈተና ከ2014 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ጀምሯል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከወደቁት መካከል ካርዳቸው ላይ 85 እና 90 የነበራቸውም አሉ። ኩረጃ ያለበትና ከመምህሩ ወርክሺት ተገልብጦ የሚወጣ የክፍል ፈተና ምንም አይለካም። በወር አንድ ጊዜ የድሮ ማትሪክ አንድ ትምህርት መርጠሽ፣ ስልክሽን ለእናትሽ ሰጥተሽ፣ በሙሉ ሰዓቱ ተፈተኚ። መጀመሪያ የምታውቂያቸውን ብቻ እየሠራሽ እለፊ፣ ከዚያ ተመለሺ። ጥያቄ ስትዘልዪ የመልስ ወረቀቱ ላይም መዝለልሽን አረጋግጪ፤ አንድ ቁጥር ከተዛነፈ የተከታዮቹ ሁሉ ይበላሻል።

የሐይቅ_ዳር_ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ሒሳብ ካልሆነልኝ ሶሻል ብገባ ይሻለኛል? ጂፒኤ (የግቢ አማካይ ውጤት) ደግሞ እንዴት ነው የሚሰላው?

ሁለቱንም_ያየ

ከሒሳብ ለመሸሽ ብለሽ ሶሻል አትግቢ። ሒሳብ በሁለቱም ዘርፍ ማትሪክ ላይ አለ። ግቢም ኢኮኖሚክስ የገባ ተማሪን ካልኩለስ፣ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ ይጠብቁታል። ሶሻል የሚገባው ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሳይኮሎጂ ወይም ታሪክ መማር የሚፈልግ ነው። የምትፈልጊያቸውን ሦስት ዲፓርትመንቶች ጻፊ፣ እዚያ የሚማር ሰው ፈልገሽ የ2ኛ ዓመት ኮርሶቹን ስም ጠይቂው። ስማቸውን ሰምተሽ ለማንበብ የሚያጓጓሽ የትኛው እንደሆነ ያኔ ታውቂያለሽ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን የምታስቢ ከሆነ ደግሞ የራሱ መግቢያ ፈተና እንዳለው እወቂ።

ጂፒኤ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኮርስ ክሬዲት (የክብደት ቁጥር) አለው፤ የፍሬሽማን ዋና ዋና ኮርሶች ባለ 3 ናቸው። የግሬዱ ዋጋ በክሬዲቱ ይባዛል፣ ይደመራል፣ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። በተለመደው መለኪያ ከ85 በላይ 4፣ ከ80 እስከ 85 3.75፣ ከ75 እስከ 80 3.5፣ ከ70 እስከ 75 3፣ ከ50 እስከ 60 ደግሞ 2 ነው። ባለ 3 የሆኑ ስድስት ኮርሶች ወስደሽ በአምስቱ 3.5፣ በሒሳብ 2 ብታመጪ፦ 52.5 ሲደመር 6፣ ለ18 ሲካፈል 3.25 ይሆናል። ሒሳቡን ወደ 3 ብታሳድጊው 3.42 ትደርሻለሽ። ትንሽ ትመስላለች፤ ተፈላጊ ዲፓርትመንት ላይ ግን ልጅ የሚቀረው በዚህችው ልዩነት ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር የፍሬሽማን ጂፒኤሽን ግማሽ ያህል ስለሚይዝ "ግቢውን ልላመድና በሁለተኛው አካክሳለሁ" የሚለው አያዋጣም።

ሰነድ_ይቅደም

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ ወረቀትሽን አሁኑኑ እዪ። ግቢ ስትመዘገቢ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት እና የ12ኛ ውጤት ዋናውና ኮፒው ይጠየቃል። በሁሉም ላይ፣ የፋይዳ መታወቂያሽ ላይም ጭምር፣ ያንቺ፣ የአባትሽና የአያትሽ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። አንዱ ጋ የተደረበ ፊደል ሌላው ጋ ነጠላ ከሆነ ዛሬ ማንም ምንም አይልሽም። ችግሩ የሚመጣው ስትመረቂ፣ ፓስፖርት ስታወጪ ወይም ውጭ አገር ስታመለክቺ ነው፤ ያኔ ማስተካከሉ ከትምህርት ቤት እስከ ትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ያመላልሳል። አሁን ግን ትምህርት ቤትሽ ሪከርድ ክፍል ሄደሽ ማስታረም ትችያለሽ። ለ12ኛ ፈተና ስትመዘገቢም የስም ዝርዝሩን ሳታነቢ አትፈርሚ።

የልደት ቀንሽንም እዪ። የኢትዮጵያውን ዓመት እንዳለ በፈረንጅ ቦታ የሚሞሉ አሉ፤ በወረቀት ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጅሻል።

ሐዋሳ ስለምትኖሪ ሐዋሳ ትመደቢያለሽ ማለትም አይደለም። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቢደርስሽ እንኳ ወንዶ ገነት ወይም ይርጋለም ያለው አዋዳ ካምፓስ ሊሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን ከደረሰሽ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እኛ ጋ የምንለብሰው ስስ ብርድ ልብስ አያስተኛም። ልብስ በእጅ ማጠብና የወር ገንዘብን በአራት ሳምንት ከፍሎ መያዝ ደግሞ ከቤት ሳትወጪ ልመጂ።

የሐይቅ_ዳር_ልጅ

የ8ኛ ሰርተፊኬቴን አሁን አወጣሁት፤ ስሙ ልክ ነው። የተወለድኩት ጥቅምት ላይ ነው፣ ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ስቀይር የምደምረው 7 ነው ወይስ 8?

ሰነድ_ይቅደም

7 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የተወለደ 7 ይደምራል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ለምሳሌ ጥቅምት 5፣ 2002 በፈረንጅ ኦክቶበር 15፣ 2009 ነው። ፋይዳሽ ላይ ያለውንም ከዚሁ ጋር አስተያዪው፤ ካልገጠመ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ከወላጅሽ ጋር ሄደሽ አስተካክዪ።