ስትሮክ ታማሚ፣ ነጭ የደም ሴል 14,200፣ ትኩሳት የለም፦ ሴፍትሪያክሶን (አንቲባዮቲክ) ይጀመር?

ቦርከና፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከኮምቦልቻ ነው። የ64 ዓመት እናት፣ ቀኝ ጎናቸው ከደከመ 9 ሰዓት ሆኖታል። ሙቀት 36.8፣ ሳል የለም፣ ደረታቸው ንጹሕ፣ ወባ ነጌቲቭ። ሲቢሲው (የደም ሴሎች ቆጠራው) ላይ ከነጭ ሴሎቹ ኒውትሮፊል 84%፣ ሊምፎሳይት 10%። ለሲቲ (የአንጎል ምስል) ደሴ ሊላኩ ነው። "ኢንፌክሽን ስላለ ሴፍትሪያክሶን ይወጉና ይሂዱ" ተባለ። ትክክል ነው? ቁጥሩስ ስለ ማገገማቸው ይናገራል?

ጦሳ፦
በዚህ ብቻ አይጀመርም። አንጎል ሲጎዳ ኮርቲሶልና አድሬናሊን ይጨምራሉ፤ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጠግተው የነበሩት ኒውትሮፊሎች ወደ ደሙ ይለቀቃሉ፣ ሊምፎሳይት ደግሞ ይወርዳል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ይታያል። ለመከላከያ ብሎ መስጠትም ተሞክሯል፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኔዘርላንዱ ፓስ ጥናት ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በቀን ለ4 ቀን ሰጥቶ የሽንት ኢንፌክሽንን ቀነሰ እንጂ የሳንባ ምችን አልቀነሰም፣ የ3 ወር ማገገምንም አላሻሻለም።

ስለ ማገገም፦ ኒውትሮፊሉን 84ን ለሊምፎሳይቱ 10 ስታካፍሉት 8.4 ነው፣ ከፍ ያለ ነው። ከፍታው ከሰፊ ጉዳትና ከደካማ ማገገም ጋር አብሮ ይታያል፤ ግን ይህ የብዙ ሕሙማን ድምር እንጂ የአንድ ሰው ዕጣ አይደለም። ዕድሜ፣ የድክመቱ ክብደትና ንቃታቸው የበለጠ ይነግራችኋል። ለቤተሰብ በሲቢሲ ተስፋ አታስቆርጡ።

ማይክሮስኮፕ፦
መጀመሪያ ቱቦውን እዩ። የኢዲቲኤው ቱቦ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው፣ ሐምራዊ ክዳኑ) እስከ ምልክቱ ሞልቶ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ብሎ ይገለበጣል፣ አይናጥም። የረጋ ናሙና ቁጥሩን ያወርዳል። የተጠራቀመ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ግን ማሽኑን አታሎ ነጭ ሴል ተብሎ ሊቆጠር ስለሚችል ስላይድ ይታይ። ሌላው፣ በአገራችን ኒውትሮፊሉ በጤናውም ዝቅ ያለ ብዙ ሰው አለ፤ ማሽኑ "ኖርማል" ያለው 9,500 ለዚያ ሰው የወትሮው እጥፍ ሊሆን ይችላል። የድሮ ውጤት ካላቸው ፈልጉት።

ደግሞ ዴክሳሜታዞን (ዴክሳ፣ የስቴሮይድ መድኃኒት) ተወግተው እንደሆነ ጠይቁ! ኢንፌክሽን ባይኖርም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ለስትሮክ እብጠትም አይጠቅምም።

ራስጌ30፦
የሚያሰጋው የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ወርዶ የነበረ ቁጥር እንደገና ከወጣ፣ ወይም ሙቀቱ 38 ከደረሰ፣ ያኔ የደረት ራጅና ሽንት ይታዘዝ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚመጣው በማንኪያ ነው፦ አስታማሚ "ትንሽ አጥሚት ይቅመሱ" ይላል፣ አጥሚቱ ሳንባ ይገባል። አዋዋጣቸው ሳይፈተን ኪኒንም በአፍ አይሰጥ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው በሻይ ማንኪያ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ፤ ካሳሉ ወይም ድምፃቸው ውሃ ውሃ ካለ ወዲያው ይቁም፣ ቱቦ በአፍንጫ ይግባ። ራስጌው 30 ዲግሪ ከፍ ይበል፣ አፋቸው በየዕለቱ ይጸዳ። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ለነርስ እንዲመች ብቻ አይገባም። ትኩሳት ካለና ልብ ላይ ማርመር (ያልተለመደ ድምፅ) ከተሰማ ግን ኢንዶካርዳይቲስ (የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን) አስቡ፤ የደም ካልቸር (ጀርም ለማብቀል የሚወሰድ ደም) ከአንቲባዮቲኩ በፊት ይወሰድ።

ቦርከና፦
ዴክሳ 8 ሚሊግራም ተሰጥቷል፣ ካርዱ ላይ አለ። ሲቢሲው መቼ ይደገም?

ጦሳ፦
ከ48 ሰዓት በኋላ፣ ትኩሳት ከመጣ ያኔውኑ። ዴክሳውን ከነሰዓቱ ሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፉት።