ትንንሽ ልጅ ያላችሁ፣ ለራሳችሁ ጊዜ ከየት ነው የምታመጡት?

የሁለት እናት
ሰላም ናችሁ ወላጆች፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እንዳትስቁብኝ ብቻ። የ4 ዓመት ሴት እና የ2 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ባንክ ነው የምሰራው ስለዚህ ቅዳሜም ግማሽ ቀን እገባለሁ፣ ከዛ የታክሲ ሰልፍ ምናምን ተጋፍቼ የካ አባዶ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። እሁድ ደሞ ግማሹ ለቅሶ ነው፣ ክርስትና ነው፣ የባሌ ቤተሰቦች ማህበር ነው፣ የተረፈችዋን ሰዓት ልጆቹ "እማ ዛሬ የት ነው ምንሄደው" እያሉ ይጠብቋታል። ማዝናናት አለብኝ ብዬ ዥዋዥዌ ያለበት ካፌ እወስዳቸዋለሁ፣ ጁስ፣ ቺፕስ፣ ትንሹ መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል፣ ሁላችንም ተነጫንጨን እንመለሳለን።

ባሌ ጥሩ ሰው ነው፣ አብሮን ይወጣል። ግን ኳስ ካለ በቃ ኳሱን ያያል፣ ማንንም አያስፈቅድም። እኔ ግን ፀጉር ቤት ለመሄድ ከሳምንት በፊት ጀምሬ ነው ማስፈቀድ ምጀምረው፣ ሄጄም ካስክ ስር ተቀምጬ ልቤ ቤት ነው። ሰራተኛዋ እሁድ አትኖርም። ሁለት ሰዓት ብቻዬን መሆን መፈለግ ራስ ወዳድነት ነው እንዴ? እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

አባ ሦስት
እህቴ ከወንዶቹ ወገን ሆኜ ልንገርሽ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ (1156/2011) ለእናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን አላት፣ አባት ያለው 3 ቀን ነው። ገንፎው ሳያልቅ እኛ ቢሮ ተመልሰናል። ከዛ በኋላ ደሞ ቤት ውስጥ ሁሌ አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ሰራተኛ አለች፣ እና አብዛኛው ወንድ ልጁ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ብቻውን ይዞት ውሎ አያውቅም። እምቢ ብሎ ሳይሆን ተራው ደርሶት አያውቅም። ስለዚህ ፈቃድ መጠየቁን ተይው፣ "እሁድ ከ8 እስከ 10 አልኖርም" በይው፣ እሱ ኳስ ሲኖር እንደሚልሽ ማለት ነው። ዋናው ነገር ግን ከቤት ውጪ። መኝታ ቤት ገብተሽ በር ብትዘጊ "ዳይፐሩ የት ነው" እያለ ያንኳኳል። ስትመለሺ ደሞ ካልሲያቸው ባይገጥም፣ ፓስታ ብቻ በልተው ቢጠብቁሽ ዝም በይ፣ ሁለተኛ እንዲይዛቸው ከፈለግሽ።

ቲቸር ነኝ
መዋዕለ ህፃናት ነው የማስተምረው፣ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ የሚተኙትን ልጆች ባያችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ3 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ፣ ለ2 ዓመቱ ደሞ ከ11 እስከ 14 ነው የሚለው፣ የቀኑም እንቅልፍ ተቆጥሮ። ልጆቻችን ግን ከኛ ጋር ድራማ አይተው 4 ሰዓት ይተኙና ለሰርቪስ 12 ሰዓት ይቀሰቀሳሉ፣ ደምሩት እስቲ። 2 ሰዓት ላይ ቢተኙ ለነሱም ጥሩ ነው፣ አንቺም በየቀኑ ማታ የራስሽ ጊዜ አለሽ፣ እሁድን መጠበቅ የለብሽም።

መዝናናቱን በተመለከተ ደሞ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ካፌ አልናፈቀውም፣ አንቺን ነው። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ውሃ፣ አንድ ጭልፋ፣ ትንሽ ሊጥ ስጪው፣ በረንዳ ላይ ሲንቦጫረቅ ይውላል፣ አንቺም አጠገቡ ቡናሽን ትጠጫለሽ። አንዳንዴ እንጦጦ፣ አንዳንዴ አንድነት ፓርክ አንበሶቹን፣ ይበቃል። የግድ በየሳምንቱ ፕሮግራም መኖር አለበት ያለው ማነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ
እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ ሰራተኛ የለ፣ እናቴ የለች፣ ቤቢሲተር በሰዓት ነው የምትከፈለው። ከአንድ ሀበሻ ጎረቤቴ ጋር ተስማምተን አንድ ቅዳሜ እሷ የኔንም ትይዛለች፣ በሚቀጥለው እኔ የሷን። ብር የለ ውለታ የለ። ኮንዶ ላይማ ይሄ እኮ በጣም ቀላል ነው፣ አንድ ብሎክ ላይ ስንት እናት አለ። አባ ሦስት ግን ሸወደህ፣ ሁለት ሰዓት ፀጉር ቤት ሄዶ መመለስ እረፍት አይደለም፣ ያም ስራ ነው፣ የራስ ጊዜ ማለት ምንም የማይሰራበት ነው።

ዝም ብዬ ነው
ሁለቱን ሰዓት ካገኘሽ በኋላ ቲክቶክ ላይ እንዳታልቂ ብቻ ሃሃሃ። የምሬን ነው፣ ሚስቴ ወጣ በይ ስላት መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ስልክ ነክታ ነው የምትመለሰው።

የሁለት እናት
እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ዝም ብዬ ነው፣ መኪና ውስጥ ስልክ መንካትም እኮ እረፍት ነው፣ ተዋት። የጎረቤቱን ነገር ወድጄዋለሁ፣ ታች አንደኛ ፎቅ ላይ የምግባባት አለች፣ እጠይቃታለሁ። ቲቸር፣ የ2 ሰዓቱ መተኛት ግን እንዴት ይሆናል? ባሌ ሜክሲኮ ነው የሚሰራው፣ ሰልፉ ካልቀናው 2 ሰዓት ተኩል ነው የሚገባው። አባታቸውን ሳያዩ ይተኙ?

ቲቸር ነኝ
እሱ ከባድ ነው፣ ብዙ ወላጅ የሚለው ይሄንኑ ነው። እኔ ጠዋቱን ለሱ ስጪው እላለሁ። ቀስቅሶ፣ አጥቦ፣ አልብሶ፣ ቁርስ አብልቶ ሰርቪስ ላይ የሚያወጣት እሱ ይሁን። አንቺ ያን ሰዓት ወይ ተኚ ወይ ሻወርሽን ተረጋግተሽ ውሰጂ። ማታ ደክሞት መጥቶ ቲቪ ፊት አጠገቡ ከሚቀመጡ ያ ይሻላል። ትንሹ ቀን በደንብ ከተኛ ማታ እስከ 3 ሰዓት ቢቆይም ችግር የለውም፣ ትልቋ ግን ሰርቪስ ስላላት አትችልም።